ካርዲፍ ራግቢ 2025/26፦ ወንበሩ ላይ ማን አለን?

የታፍ ዳር ልጅ | መስከረም 7፣ 2018

እንኳን አደረሳችሁ ቤተሰብ። አዲስ ዓመትና አዲስ ሲዝን አንድ ላይ መጡልን። ሊጉ (ዩናይትድ ራግቢ ቻምፒዮንሺፕ፣ የዌልስ፣ የአየርላንድ፣ የስኮትላንድ፣ የጣሊያንና የደቡብ አፍሪካ ቡድኖች የሚገናኙበት) የሚጀመረው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ነው፣ በእኛ የደመራ ዕለት። የመጀመሪያ ጨዋታችን በሜዳችን በአርምስ ፓርክ፣ ከጆሃንስበርጉ ላየንስ ጋር ነው። ኳሱ ሳይመታ ስብስባችንን እንፈትሸው። ማን አለን? አንዱ ሲጎዳ ማን ይገባል?

ባለፈው ሲዝን ከ16 ቡድኖች 9ኛ ጨረስን። ለወሬ አይከፋም። ግን ሩብ ፍጻሜ የሚገቡት 8 ናቸው። ስምንተኛዋን ቦታ ሌላው የዌልስ ቡድን ስካርሌትስ ወሰዷት። ዘንድሮ ትልቁን የአውሮፓ ዋንጫ፣ ሻምፒዮንስ ካፕን፣ የሚጫወቱት እነሱ ናቸው፣ እኛ እዚያው ሁለተኛው፣ ቻሌንጅ ካፕ ቀረን። ደግሞ ሚያዝያ ላይ ክለቡ ከስሮ በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፣ የዌልስ ራግቢ ዩኒየን ገዛው። በዚያ ትርምስ ውስጥ 9ኛ መውጣታቸውን እኔ አላቃልልም።

አሰልጣኙም ሄዷል። ማት ሼራት ብሔራዊ ቡድኑን ለጊዜው ይዞ ከርሞ፣ አሁን የዌልስ ዋና አሰልጣኝ የስቲቭ ታንዲ የማጥቃት አሰልጣኝ ሆኗል። ቡድናችንን የያዘው ኮርኒል ቫን ዚል ነው። የጣሊያን ሎክ (4 ወይም 5 ቁጥር፣ ከፊተኛው መስመር ኋላ ሆኖ የሚገፋ) የነበረ፣ ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ። ሎክ የነበረ አሰልጣኝ ስለ ስክረም (ስምንት ስምንት ሰው ተያይዞ ለኳስ የሚገፋፋበት) አይቀልድም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ሰዎቹ ልግባ። ከ6 እስከ 8 ቁጥር ስናይ ሀብታም ነን። ታውሉፔ ፋሌታው አለ፣ አሌክስ ማን አለ፣ ጄምስ ቦተም አለ (አዎ፣ የክሪኬቱ የኢያን ቦተም የልጅ ልጅ)፣ ማኬንዚ ማርቲን አለ፣ አለን ሎውረንስ አለ፣ ዳን ቶማስ አለ። በዚህ ላይ ቴይን ባሻም ከኒውፖርቱ ድራገንስ ተጨመረ። ከእነዚህ ሁለቱ ቢጎዱ ማንም ልብ አይለውም።

ከኋላም ደህና ነን። ጆሽ አዳምስ፣ ሜሰን ግሬዲ፣ ካም ዊኔት፣ ጄኮብ ቢተም፣ ወጣቱ ቶም ቦወን። ሊ ሃፍፔኒም ወደ ቤቱ ተመልሷል። ዕድሜው ወደ 37 እየተጠጋ ነው፣ ግን እግሩ ኳስ መምታት አልረሳም።

ጭንቀቴ ፊት ላይ ነው። 3 ቁጥር (በስክረም የፊተኛው መስመር ቀኝ ጫፍ የሚገፋው ፕሮፕ፤ የግራው ፕሮፕ 1 ቁጥር ነው) እና ሎክ። ኪሮን አሲራቲ አለን፣ ጃቫን ሴባስቲያን ከኤዲንብራ መጣ። ከዚያስ? ሎክ ላይ ጆሽ ማክናሊ፣ ቴዲ ዊሊያምስ፣ ሮሪ ቶርንተን፣ ከድራገንስ የመጣው ጆርጅ ኖት። አራት ሰው ነው። ወረቀት ላይ ይበቃል። ህዳር ላይ ዌልስ ቴዲን ስትጠራ፣ አንዱ ትከሻው ሲወልቅ፣ ሌላው ጭንቅላቱን ሲመታ ምን ይቀራል?

የእኔ ግምገማ ይኸው ነው። ቁጥር አለን፣ ግን ቁጥሩ የተከማቸው በማያስፈልገን ቦታ ነው። እናንተስ?

---

ቦሌ ላይ ቡልስ | መስከረም 7፣ 2018

ሰላም ወንድሜ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በዲኤስቲቪ የማይ ሰው ነኝ። ሱፐርስፖርት የደቡብ አፍሪካዎቹን ስለሚያሳይ የእናንተንም አብሬ አያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ካርዲፍን የማውቀው የፕሪቶሪያው ቡልስ ሲገጥማችሁ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አይገባኝም። እግር ኳስ ላይ 11 ሰውና ጥቂት ተቀያሪ ካለህ ታልፈዋለህ። እናንተ 40 ምናምን ሰው ይዛችሁ ሰው አነሰን ትላላችሁ። 3 ቁጥር ቢጎዳ 1 ቁጥሩን ወደዚያ ማዞር አይቻልም? ሁለቱም ወፍራም ናቸው።

---

ሽማግሌው ከፖንቲ | መስከረም 8፣ 2018

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው የሚያየው።

1 ቁጥር ሲገፋ ግራ ትከሻው ነጻ ነው፣ ከተቃራኒው ፕሮፕ ውጪ ይሆናል። 3 ቁጥር ግን ጭንቅላቱ በሁለት ሰው መሃል ይገባል። በአንድ በኩል የተቃራኒው ሁከር (የመስመሩ መሃለኛ፣ 2 ቁጥር)፣ በሌላው የተቃራኒው ፕሮፕ። ሁለቱም እሱን ይጫኑታል። ከኋላው የራሱ ሎክ ይገፋዋል። አንገቱ፣ ወገቡ፣ ጉልበቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራል። የለመደውን በድንገት ወደ ሌላው ጎን አዙሮ ማስገባት አደጋ ነው፣ ዳኛውም ዝም አይልም። ለዚህ ነው በጨዋታ ቀን ከሚሰለፉት 23 ሰዎች ውስጥ ለፊተኛው መስመር የሠለጠኑ ተቀያሪዎች መኖር ያለባቸው። ከጠፉ ስክረሙ መገፋፋት ይቀርና ለወጉ ብቻ ይያያዛሉ።

ሁለቱንም ጎን የሚችል ሰው ብርቅ ነው። ከስካርሌትስ የመጣው ሳም ዌንራይት በሁለቱም ተጫውቷል። የታፍ ዳር ልጅ እሱን ዘልለኸዋል። 1 ቁጥር ላይ ሪስ ባራትና ዳኒ ሳውዝወርዝ ስላሉ፣ ዌንራይት ሲያስፈልግ ወደ ቀኝ ሊሻገር ይችላል። ያኔ 3 ቁጥር ላይ ሦስት ሰው አለህ ማለት ነው።

ፕሮፕ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። የ21 ዓመት ዊንግ (የዳር ሯጭ) ብሔራዊ ቡድን ሲገባ አይገርምም። የ21 ዓመት 3 ቁጥር ግን ፕሪቶሪያ ላይ ከቡልስ ፊት ቢቀርብ እናቱ ቤት ሆና ትጸልይ።

---

የታፍ ዳር ልጅ | መስከረም 8፣ 2018

ጋሼ፣ ዌንራይትን አልዘለልኩትም፣ እንደ 1 ቁጥር ቆጥሬው ነው። እርስዎ ሁለት ቦታ ከቆጠሩት እኮ አንዱ ሰው ሁለት ደመወዝ ሊጠይቅ ነው 😄

ከምር ግን፣ አንድ ሰው በሁለት ቦታ ተጠባባቂ ሲሆን ጥልቀት አይባልም። በአንድ ሳምንት ሁለት ቀዳዳ ከተከፈተ የሚደፍነው አንዱን ብቻ ነው።

ባለፈው ሲዝን ከመቆሚያው ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ። ከ55ኛው ደቂቃ በኋላ 3 ቁጥሩን ብቻ ተመልከቱ። ስክረም ሲጠራ ከሁሉም ኋላ የሚደርሰው እሱ ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። የአርምስ ፓርክ ሜዳ ሰው ሠራሽ ነው፣ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ክርኑ ላይ ተለጥፎ ታየዋለህ። ከዚያ አጎንብሶ ሲገባ ትከሻው ከወገቡ በታች ይወርዳል፣ ስክረሙም ይደረመሳል። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ቅጣት። የተቃራኒው 10 ቁጥር፣ ጨዋታ መሪው፣ ወደ ጥጉ ይመታዋል፣ ላይን አውት (ኳሱ ከዳር ይወረወራል)፣ ሞል (ኳስ የያዘውን ተያይዘው ይገፋሉ)፣ ትራይ (ኳሱን ከግብ መስመር አሻግሮ መሬት ማስነካት)። ሰባት ነጥብ ከአንድ ሰው ድካም ተወለደ። ትልልቆቹ ቡድኖች በ50ኛው ደቂቃ እኩል ጥራት ያለው ሌላ ሰው ያስገባሉ። ጥልቀት የምለው ይህን ነው።

---

ስዋንሲ ጥቁር ለባሽ | መስከረም 8፣ 2018

ካርዲፎች ስለ ጥልቀት ሲያወሩ መስማት ደስ ይላል። እኛ ኦስፕሬይስ ሊጉን አራት ጊዜ ወስደናል፤ 2005፣ 2007፣ 2010፣ 2012። እናንተስ ስንቴ? ቆጥራችሁ ንገሩኝ፣ እጠብቃለሁ።

---

የሪቨርሳይዷ ነርስ | መስከረም 8፣ 2018

ስዋንሲ ወንድማችን፣ ቻሌንጅ ካፕ ሁለቴ ወስደናል። 2010 ማርሴይ ላይ ቱሎንን፣ 2018 ቢልባኦ ላይ ግሎስተርን 31 ለ 30። የአውሮፓ ዋንጫ ከእናንተ ጓዳ ካለ ፎቶውን ላክልን። ዘንድሮ ደግሞ ብሪጅንድ ላይ ነው አሉ የምትጫወቱት። ቤት እስኪታደስ ጎረቤት ማደር ያጋጥማል፣ አትፈር 😂

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ሁላችሁም ጉዳት ስትሉ ጉልበትና ትከሻ ብቻ ታስባላችሁ። ስብስብን የሚበላው ግን ጭንቅላት ነው። አንድ ተጫዋች ጭንቅላቱን ሲመታ ከሜዳ ወጥቶ ይመረመራል። ምርመራውን ካላለፈ በዚያ ቀን አይመለስም። ከዚያ በኋላም በደረጃ የሚሄድ የመመለሻ ሂደት አለ። ደህና ነኝ ቢልም ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀመጣል። ከዚህ በፊት ተመትቶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። ልክም ነው፣ እንዲያውም ያንሳል የሚሉ አሉ።

አሁን አስሉት። ብዙ ታክል (ኳስ የያዘን ይዞ መጣል) የሚያደርጉት ከ6 እስከ 8 ያሉትና ሎኮቹ ናቸው። ስለዚህ በድንገት የሚጎድሉትም እነሱ ናቸው። የታፍ ዳር፣ አንተ «በማያስፈልገን ቦታ ተከማቸ» ያልካቸው ሰባት ሰዎች እኔ እንደማየው በጣም ነው የሚያስፈልጉን። ፋሌታው ብቻውን ምሳሌ ይሆንሃል። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ከጆርጂያ ጋር ክንዱ ተሰበረ። ወራት ጠብቀን በ2024 ሲመለስ በመጀመሪያው ጨዋታ ትከሻው ሄደ። በእሱ ላይ ብቻ ሲዝን አይታቀድም።

---

የታፍ ዳር ልጅ | መስከረም 8፣ 2018

እህቴ፣ ስለ ጭንቅላቱ ልክ ነሽ። እኔ ግን ያልኩት ገንዘቡ የት መዋል ነበረበት ነው። ለባሻም የተከፈለው ለአንድ ጠንካራ ሎክ ቢሆን ኖሮ?

---

ኒውፖርት ነኝ ምን ላድርግ | መስከረም 9፣ 2018

ባሻምንም ወሰዳችሁ፣ ኖትንም ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ባሻም ባይመጣ ይሻል ነበር እያላችሁ ነው። እንግዲያው መልሱልን!

ድራገንስ ባለፈው ሲዝን 16ኛ ወጣን። ከ16። ስለዚህ ስለ ጥልቀት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ጥልቁ ውስጥ ነኝና። የመጀመሪያ ጨዋታችን ቤልፋስት ላይ ከአልስተር ጋር ነው፣ ጸልዩልን።

ስለ ባሻም አንድ ልበላችሁ። ልጁ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሁለት ሰው ይጎትታል። ወረድ ብሎ ኳስ ይሰርቃል። ዌልስ ማንን፣ ቦተምንና ፋሌታውን አንድ ላይ ብትወስድባችሁ የሚቀርላችሁ ባሻም ነው። ያኔ ታመሰግናላችሁ። ኖት ደግሞ ታታሪ ነው። ጋዜጣ ላይ ስሙ አይወጣም፣ ግን ሰማንያ ደቂቃ ይገፋል።

---

ሽማግሌው ከፖንቲ | መስከረም 9፣ 2018

የኒውፖርቱ ልጅ ትልቁን ነገር ነካው፤ ዌልስ ስትጠራ።

ካርዲፍ ሁልጊዜ የሚፈተነው በሁለት ወቅት ነው፣ በህዳርና በየካቲት። ዘንድሮ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ዌልስ አርጀንቲናን፣ ጃፓንን፣ ኒውዚላንድንና ደቡብ አፍሪካን ትገጥማለች። የመጨረሻው፣ የደቡብ አፍሪካው፣ ኖቬምበር 29 ነው። ይህ ለአገራት ጨዋታ ከተፈቀደው ጊዜ ውጪ ነው። እንግሊዝ አገር የሚጫወቱትን ክለቦቻቸው የመልቀቅ ግዴታ የለባቸውም። ታንዲ ያን ቀን ሰው ሲጎድለው ወዴት ያያል? ወደ እኛ ነዋ። ወደ አራቱ የአገር ቤት ቡድኖች።

የስድስቱ አገራት ውድድር ደግሞ በ2026 ከፌብሩዋሪ 5 እስከ ማርች 14 ነው። እንደ ድሮው ሁለት የዕረፍት ሳምንት የለውም፣ አንድ ብቻ ነው። የተጠራ ልጅ ተሰባብሮ ነው የሚመለስልህ።

ሌላም አለ። ጥልቀት ማለት ማን መጣ ብቻ አይደለም። ማን ሄደ የሚለውም ነው። በ2023 ዲሎን ሉዊስና ጃሮድ ኢቫንስ ወደ ሃርለኩዊንስ ሄዱ። በ2024 ሪስ ካሬ ወደ ሳራሰንስ፣ ቶሞስ ዊሊያምስ ወደ ግሎስተር ሄዱ። ቶሞስ ከዚያ ሆኖ ነው ለብሪቲሽና አይሪሽ ላየንስ (የአራቱ አገራት ምርጥ ቡድን፣ የጆሃንስበርጉ አይደለም) የተመረጠው። አንድ 3 ቁጥር፣ አንድ 10፣ አንድ 1፣ አንድ 9። እነዚህን አራት ሰዎች ዛሬ መልሳችሁ አስገቧቸው፣ ይህ ክር ባልተከፈተ ነበር።

ድሮ ውጪ ሄዶ ለዌልስ መጫወት ቀድሞ ለብሔራዊ ቡድኑ 60 ጨዋታ ማድረግን ይጠይቅ ነበር። በ2023 ወደ 25 ዝቅ አደረጉት። ለልጆቹ ደግ ነገር ነው፣ አጭር ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። ለእኛ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

---

ቦሌ ላይ ቡልስ | መስከረም 9፣ 2018

ጋሼ፣ ስለ 3 ቁጥሩ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ትናንት የድሮ ጨዋታ ደግሜ ሳይ ዓይኔን ከፕሮፖቹ ማንሳት አቃተኝ።

ስለ ጥልቀት ከደቡብ አፍሪካ ተማሩ ብል ትቆጡኛላችሁ? ስፕሪንግቦክስ (ብሔራዊ ቡድናቸው) በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ወንበር ላይ ሰባት ፎርዋርድ (ስክረም የሚገፉ) እና አንድ ባክ (ከኋላ የሚሮጥ) ይዘው ነው ኒውዚላንድን 12 ለ 11 ያሸነፉት። ከወንበር የሚነሳው ሰው ከቋሚው እኩል ነው።

---

የታፍ ዳር ልጅ | መስከረም 9፣ 2018

አንቆጣም ወንድሜ። ግን እነሱ ያላቸው የሰው ብዛትና የሰውነት ግዝፈት ዌልስ የላትም። ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ላይ አራት ፕሮፌሽናል ቡድን ነው ያለው። ሰባት ፎርዋርድ ወንበር ላይ ላስቀምጥ ብትል ሰባተኛው እኔ ልሆን እችላለሁ።

ይልቅ ደቡብ አፍሪካ ላይ አንድ የምቀናበት ነገር አለ፣ ከፍታ። ዌልሶች ጆሃንስበርግ ሲሄዱ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ በ60ኛው ደቂቃ ሳንባቸው ይወጣል። የዚህ ሊግ ትልቁ የስብስብ ፈተና የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ነው። ረጅም በረራ፣ ከፍታ፣ ግዙፍ ሰው። ቋሚዎቹን ይዘህ ብትሄድ ይደክማሉ፣ ሁለተኛውን ቡድን ብትልክ 50 ነጥብ ይቆጠርብሃል።

---

ቦሌ ላይ ቡልስ | መስከረም 9፣ 2018

1,750?! አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። ኑና እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ ተጫወቱ፣ በ20ኛው ደቂቃ እንጀራ አስይዘን እንሸኛችኋለን።

---

ስዋንሲ ጥቁር ለባሽ | መስከረም 9፣ 2018

እኛ መክፈቻችን ፕሪቶሪያ ላይ ከቡልስ ጋር ነው። ስለ ከፍታ አታስታውሱኝ።

---

የግሬንጅታውን አስር ቁጥር | መስከረም 10፣ 2018

ሁላችሁም ፕሮፕ ፕሮፕ ትላላችሁ። ስለ 10 ቁጥር ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳ።

ካለም ሺዲ የካርዲፍ ልጅ ነው። ብሪስቶል ብዙ ዓመት ተጫውቶ በ2024 ወደ ቤቱ መጣ። ረጋ ያለ ነው፣ ጨዋታ ያነባል፣ ባኮቹን ያጫውታል። አሁን ኢዮአን ሎይድ ከስካርሌትስ ተጨመረ። እሱም ብሪስቶል ነበር። ሎይድ የተለየ ሰው ነው። አንዳንዴ ከምንም ነገር ትራይ ይፈጥራል፣ አንዳንዴ ከምንም ነገር ችግር ይፈጥራል። ለእኔ የዘንድሮው ምርጥ ዝውውር እሱ ነው። ምክንያቱም 10ም 15ም ይጫወታል። ወንበር ላይ ሦስት ባክ ብቻ ስትይዝ እንዲህ ያለ ሰው ወርቅ ነው።

ሦስተኛው ቤን ቶማስ ነው። ዌልስ 10 ቁጥር አድርጋ ሞክራዋለች። እኔ ግን በሕይወቴ ደግሜ 10 ላይ ላየው አልፈልግም። 12 ቁጥር ላይ አስቀምጡትና ተዉት። 12 ሆኖ ሁለተኛ ኳስ አከፋፋይ ሲሆን ሺዲም ይቀለዋል፣ ውጪ ያሉትም ኳስ ያገኛሉ። 10 ላይ ስታመጣው ሁለት ቦታ ነው የምታበላሸው።

ሴንተር (12ና 13 ቁጥር) ላይ ደግሞ ሃሪ ሚላርድና ስቴፋን ኢማኑኤል አሉ። ግሬዲም ከዊንግ መግባት ይችላል። በቂ ነው።

---

የሪቨርሳይዷ ነርስ | መስከረም 10፣ 2018

አስር ቁጥር፣ ስለ ቤን ቶማስ ልክ ብለሃል። ግን 9 ቁጥርን ረሳህ። ቶሞስ ከሄደ በኋላ ያ ቦታ እንደ በፊቱ ሆኖልን አያውቅም። ዮሃን ሙልደር፣ ኤሊስ ቤቫን፣ አሌድ ዴቪስ። ሦስቱም ደህና ናቸው። አንዳቸውም ግን ጨዋታ ብቻውን አይለውጥም። አሌድ የሳራሰንስ ልምድ አለው። ኳሱን ቶሎ ማውጣት ይችላል። ሆኖም ወደ ኋላ እየሄደ ካለ ስክረም ኳስ ማውጣት ለማንም 9 ቁጥር መከራ ነው። ዞሮ ዞሮ የጋሼ 3 ቁጥር ጋ ነው የምንመለሰው።

---

የግሬንጅታውን አስር ቁጥር | መስከረም 10፣ 2018

እሱስ ልክ ነሽ። ወንዝ ማዶ ሆነሽም ጨዋታው በደንብ ይታይሻል።

---

አካዳሚ ተመልካች | መስከረም 10፣ 2018

ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ እንጂ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ።

ስለ ጥልቀት ስናወራ ከውጪ የመጡትን ብቻ እንቆጥራለን። ሱፐር ራግቢ ካምሪን የሚያይ አለ? በ2024 የተጀመረው ከፕሮፌሽናል በታች ያለው ሊግ፣ አሥር ክለብ። ካርዲፍ አርኤፍሲ እዚያ ይጫወታል። የእኛ ወጣቶች ትልቁ ቡድን ውስጥ ሳይሰለፉ ሲቀሩ እዚያ ወርደው ነው ደቂቃ የሚያገኙት። ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ቅርብ ቆመህ የአሰልጣኙን ጩኸት ሁሉ ትሰማለህ።

አሌክስ ማንንና ካም ዊኔትን አስታውሱ። በ2024ቱ የስድስቱ አገራት ውድድር ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ከስኮትላንድ ጋር፣ ለዌልስ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን አደረጉ። ማን ከወንበር ተነስቶ ትራይ አገባ። ማኬንዚ ማርቲንም በዚያው ውድድር ጀመረ። ከዚያ ስድስት ወር በፊት ይህን ክር ብንከፍት ኖሮ ማናችንም ስማቸውን ቋሚ ውስጥ አንጽፍም ነበር። አሁን ቶም ቦወን እየመጣ ነው።

የታፍ ዳር ልጅ ስጋት ግን ይገባኛል። ይህ መንገድ ዊንግና ፍላንከር (6 ወይም 7 ቁጥር) ያወጣል። 3 ቁጥርና ሎክ ለማውጣት ዓመታት ይፈልጋል። ጥልቀታችን ያዘነበለው ስለዚህ ነው። አሰልጣኙም ገዢውም ብቻቸውን የሚወቀሱበት አይደለም፤ ወጣት ቶሎ የሚደርስበት ቦታ ሞላ፣ ዘግይቶ የሚደርስበት ባዶ ሆነ።

---

ሽማግሌው ከፖንቲ | መስከረም 10፣ 2018

አንተ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዝም ብለህ አንባቢ መሆን ተከልክለሃል። ጻፍ።

---

ኒውፖርት ነኝ ምን ላድርግ | መስከረም 11፣ 2018

ስለ ሲዝኑ እያወራችሁ ትልቁን ዝሆን አለፋችሁት። ዩኒየኑ አራቱን ቡድኖች ወደ ሁለት እናውርድ የሚል ሐሳብ ነሐሴ ላይ አቅርቦ ምክክር ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑ ይኑር አይኑር ያላወቀ ተጫዋች ውል ይፈርማል? እኔ ወኪሉ ብሆን እንግሊዝ ወይም ፈረንሳይ አሳየው ነበር። እናንተ ዩኒየኑ ስለገዛችሁ እንተርፋለን ብላችሁ ተኝታችኋል።

---

የታፍ ዳር ልጅ | መስከረም 11፣ 2018

አልተኛንም። ዋና ከተማ ስለሆንን አይነኩንም የሚለውን ወሬ እኔም እሰማለሁ፣ አላምነውም። በእኔ ቡድን መትረፍ ምክንያት አንተ ቡድን አልባ ስትሆን ደግሞ ደስ አይለኝም። ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?

ለዚህ ክር የሚሆነው ነጥብህ ግን ውሉ ነው። ዘንድሮ ውላቸው የሚያልቅ ልጆች ገና በገና ሰሞን ስልካቸው መጮህ ይጀምራል። ጥር ላይ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ተጫዋች በስብስብ ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም ግማሹ የለም። ስለ ምክክሩ ራሱ ሌላ ክር ተከፍቷል፣ እዚያ እንገናኝ፣ እዚህ እንዳንበተን።

---

የሪቨርሳይዷ ነርስ | መስከረም 11፣ 2018

እሺ፣ ግምት እናስቀምጥ። እኔ እጀምራለሁ። 8ኛ። በጭንቅ። ፋሌታው ከግማሽ በላይ ጨዋታ ከተሰለፈ 7ኛ።

---

የግሬንጅታውን አስር ቁጥር | መስከረም 11፣ 2018

6ኛ። ሎይድ ያሳብዳቸዋል።

---

ስዋንሲ ጥቁር ለባሽ | መስከረም 11፣ 2018

እናንተ 11ኛ፣ እኛ 10ኛ። ሁለታችንም አንስቅም።

---

ሽማግሌው ከፖንቲ | መስከረም 11፣ 2018

እኔ ቁጥር አልገምትም። መመዘኛዬን ግን እነግራችኋለሁ። ላየንስ የደቡብ አፍሪካ ቡድን ነው፣ ስክረም ይወዳል። በመክፈቻው ጨዋታ አሲራቲ ሲወጣ፣ ሴባስቲያን ወይ ዌንራይት ሲገባ ያለውን የመጀመሪያ ስክረም እዩ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ጥሩ ሲዝን ነው። ከተደረመሰ ደግሞ የታፍ ዳር ልጅ ይህን ክር እስከ ሰኔ ይቀጥልበታል።

---

የታፍ ዳር ልጅ | መስከረም 11፣ 2018

ተስማምቻለሁ ጋሼ። እኔ 9ኛ እላለሁ፣ እንደገና። ሁለት ሎክ በአንድ ሳምንት የምናጣበት ቀን ይመጣል፣ እዚያ ላይ ነው ነጥብ የምንጥለው። እህቴ፣ ቦታ የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ቤትሽ ድልድዩን እንደተሻገሩ ነው። ጋሼ ከፖንቲ በባቡር ሲመጡ ከሴንትራል ጣቢያ እኔ እቀበልዎታለሁ።

---

ቦሌ ላይ ቡልስ | መስከረም 11፣ 2018

እኔ በቲቪ ነኝ። የጋሼን የመጀመሪያ ስክረም እጠብቃለሁ። 3 ቁጥራችሁ ከወደቀ ግን እዚሁ መጥቼ እስቃለሁ፣ ከአሁኑ ይቅርታ።